የአራስ ልጅ ፎቶ መቼ ይነሳ? ቀኑም ሰዓቱም

ብዙ ወላጅ የአራስ ልጅ ፎቶ ትዝ የሚለው ልጁ ወር ካለፈው በኋላ ነው። የጠያቂው ግርግር ጋብ ይላል፣ ቤቱ ይረጋጋል፣ ከዚያ አንድ ማታ ስልክ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ኩርምት ብሎ ተኝቶ ያዩና «የኛንም እንደዚህ አንሳልን» ብለው ይደውላሉ። ችግሩ፣ ያኔ ልጁ ኩርምት አይልም። እግሩን ይዘረጋል፣ ገና ሲነኩት ይነቃል፣ ዓይኑን አፍጥጦ መብራቱን ያያል። ቆንጆ ነው፣ ግን የጠየቃችሁት ፎቶ አይደለም።

ስለዚህ ከጊዜው እንጀምር። ቅርጫቱ፣ ኮፍያው፣ አበባው በኋላ ይደርሳል። የምጽፈው ለወላጆች ነው፤ ፎቶ አንሺ ብትቀጥሩም፣ በስልካችሁ ራሳችሁ ብታነሱም አካሄዱ ያው ነው።

1. የልጁን ቀን ቁጠሩ

ተኝቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ለሚነሳ ፎቶ የሚመቸው ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ልጁ በሆድ ውስጥ የለመደውን አጣጠፍ ገና አልተወም። እንቅልፉም ከባድ ነው፤ ቁርጥራጭ ቢሆንም በቀንና በሌሊት ተደምሮ 16 ሰዓት ገደማ ይተኛል። እኔን ካላችሁ ከ7 እስከ 10 ያሉትን ቀናት እመርጣለሁ።

ቀደም ብሎ አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ትርፉ ግን ትንሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጡት የሚወጣው እንገር ነው። ለልጁ በቂም ውድም ምግብ ነው፣ መጠኑ ግን ጥቂት ስለሆነ ልጁ ቶሎ ቶሎ ጡት ይፈልጋል፤ ጠግቦ ረዘም ያለ እንቅልፍ የሚጥለው ወተቱ ሞልቶ ሲመጣ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከምጡ የተነሳ ፊቱ አብጦ፣ ጭንቅላቱም ሾጠጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ክብደት መቀነስም የተለመደ ነው፤ እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ይመልሱታል።

ቢጫነትም አለ። ብዙ ጨቅላ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቆዳው ቢጫ ይላል። ፎቶ ላይ ይህን በኮምፒውተር ማስተካከል ቀላል ነው፣ ግን ፎቶው ላይ ጠፋ ብላችሁ ጉዳዩን አትርሱት። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢጫ ከሆነ፣ ቢጫው ወደ እጅና እግሩ ከወረደ፣ ወይም ልጁ ጡት እምቢ ብሎ ድንዝዝ ካለ ቀጠሮውን ሰርዙና ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከ2 ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፊት ላይ ብጉር መሰል ነገር ይወጣል፣ ራሱ ይጠፋል፣ ግን የሚወጣው ልክ እናንተ ፎቶ ባማራችሁ ሰሞን ነው። ሆድ ቁርጠት የምንለው የማታ ለቅሶ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ሳምንት ይጀምርና 6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል። ልጁም መወራጨት ይለምዳል።

ስለ እትብት ብዙ ሰው ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ደርቆ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ለፎቶ ብላችሁ አትጎትቱት፣ አትጠብቁትም። ነጠላ ጣል ማድረግ ነው። ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚነሳ ፎቶ ካማራችሁ ግን እሱ እትብቱ ወድቆ ቦታው እስኪደርቅ ይቆይ። የሚላላጠው ቆዳም አያስደንግጣችሁ፣ በተለይ ቁርጭምጭሚቱና የእጁ አንጓ ላይ። በዕለቱ ቅባት አትቀቡት፤ መስኮት ጋ ሲቀርብ ያብለጨልጫል።

2. ቀጠሮውን ሆድ ሳለ ያዙ

ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን ግምት ነው። ከመቶ ልጆች በዚያው ቀን የሚወለዱት 5 ገደማ ናቸው፣ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ድረስ መወለድ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ገና ሆድ ሳለ «ግንቦት 12፣ ጠዋት» ብሎ ቁርጥ ያለ ቀን የሚሰጣችሁ ፎቶ አንሺ ስለ አራስ ልጅ ብዙ አያውቅም ማለት ነው። በ6ኛው ወይም በ7ኛው ወር ደውሉ፣ የሚጠበቀውን ቀን ንገሩት፣ እሱም ከዚያ ቀጥለው ባሉት 2 ሳምንታት ውስጥ ክፍት ቀናት ይያዝላችሁ። ልጁ በተወለደ በማግስቱ አጭር መልእክት ላኩ፦ ወንድ ነው ወይስ ሴት፣ በምጥ ነው ወይስ በኦፕራሲዮን። ትክክለኛው ቀን ያኔ ይቆረጣል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ልጁ ቢታመም ወይም ዘግይቶ ቢወለድ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይዞራል ወይስ ይቃጠላል? በቃል የተባለው ይረሳልና በቴሌግራም ጽፎ ይላክላችሁ።

ቀን ስትመርጡ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ፎቶ አንሺዎች ሠርግ ላይ ናቸው፣ በተለይ በጥር፣ ከፋሲካ በኋላና በግንቦት። የናንተም ቤት በእሑድ በጠያቂ ይሞላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ከመጡ አሥር ሰዎች መሀል ልጅ አስተኝቶ ማንሳት ከባድ ነው፣ ያውም ሁሉም «አሳዩኝ» ሲል።

3. ከግርዛቱ፣ ከአቂቃው፣ ከክርስትናው ጋር አስታርቁት

ከውጭ አገር የሚመጡ ምክሮች ይህን አይነግሯችሁም። የኛ ቤት የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው።

ወንድ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሳው ግርዛት ነው። በክርስቲያኑ ቤት ልማዱ 8ኛው ቀን ነው። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያንም ብሪት ሚላ የሚሉትን ግርዛት በ8ኛው ቀን ያደርጋሉ። አሜሪካ የሚወልዱ ደግሞ ብዙዎቹ ከሆስፒታል ሳይወጡ ያስገርዛሉ። ቁስሉ እስኪሽር ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፣ በዚያ መሀል ልጁ ጭኑን ሲነኩት ይቆጣል። ስለዚህ ግርዛቱ በ8ኛው ቀን ከሆነ ፎቶውን 5ኛው፣ 6ኛው ወይም 7ኛው ቀን ላይ ጨርሱት። ካመለጣችሁ በጀርባው ተኝቶ፣ ላላ ብሎ ተጠቅልሎ ብቻ ይነሳ፤ በሆዱ አስተኝቶ እግር ማጠፍ አይሞከርም።

በሙስሊም ቤተሰብ በ7ኛው ቀን አቂቃ፣ ማለትም ለልጁ የሚደረገው እርድ አለ፣ ፀጉርም ይላጫል። ልጁ ይዞት ከተወለደው ፀጉር ጋር የሚነሳ ፎቶ ከፈለጋችሁ 6ኛው ቀን የመጨረሻችሁ ነው። ከተላጨ በኋላም ማንሳት ይቻላል፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የፈለገ ሰው ቀድሞ ያስብበት።

አያትስ? ክርስትና ሳይነሳ ልጅ ለሰው ዓይን አይሰጥም የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፣ ቡዳ ይፈራሉ። ክርክር ውስጥ አትግቡ። ፎቶው ይነሳል፣ ግን እስከ ክርስትናው ድረስ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አይወጣም ብላችሁ ቃል ግቡላቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ፎቶ አንሺውም እንዳይለጥፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሳይጠይቅ የሰው ልጅ ምስል ማስታወቂያ የሚያደርግ ሞልቷል፣ እዚህ ላይ አያቶች ልክ ናቸው። ከዚያ እሳቸውን ነጠላቸውን ለብሰው ልጁን አቅፈው እንዲነሱ ጋብዟቸው፤ ብዙ ጊዜ ተቃውሞው እዚያ ላይ ያበቃል። ከአራሷ ትራስ ሥር ቢላ ወይም መቀስ የሚደረግበት ቤት ከሆነም ልጁን አልጋው ላይ ከማስተኛታችሁ በፊት ብረቱን አያት ራሳቸው ያንሱት።

ውጭ አገር ሆናችሁ አያት ከኢትዮጵያ እየመጡ ከሆነ የፎቶውን ቀን ከአውሮፕላኑ ጋር አታጋጩት። ቪዛና ትኬት የሚዘገይ ነገር ነው። ልጁን በጊዜው አንሱት፣ ከአያት ጋር ያለውን ሲደርሱ ለብቻው አንሱ።

4. የእናትየዋን ገላ አትርሱ

በምጥ የወለደች እናት በሳምንቷ ቀና ብላ ትቀመጥ ይሆናል። በኦፕራሲዮን የወለደች ግን ቁስሏ ገና ነው፣ ደረጃ ወጥታ ስቱዲዮ እንድትሄድ አትጠይቋት። ለእሷ ከ9ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ቤት ውስጥ፣ ጀርባዋ በትራስ ተደግፎ ቢሆን ይሻላል። የሐበሻ ቀሚስ ከለበሰች ለማጥባት ከፊት የሚከፈት ይሁን። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ከሆነ ቅቤው በደንብ ይግባላት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ይወርዳል። እናትየዋ «ዛሬ አልቻልኩም» ካለች ቀጠሮው ይቀየራል፤ እዚህ ላይ የባልም የአማትም ድምፅ አይቆጠርም።

ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ሌላ ስሌት አለው። ሆስፒታል ሳምንታት ቆይቶ የወጣ ልጅ ቀኑ የሚቆጠረው ይወለዳል ከተባለበት ቀን ነው። 5 ሳምንት ቀድሞ የተወለደ ልጅ በ6ኛ ሳምንቱም ገና እንደ አራስ ኩርምት ሊል ይችላል። ሐኪሙ ይሁን ሳይል ግን ማንም ከቤት ገብቶ አይንካው። መንታ ከሆኑ ቀድመው የመምጣት ዕድላቸው ሰፊ ነውና ቀጠሮውን ቀደም አድርጋችሁ ያዙ፣ ሰዓቱንም እጥፍ አድርጉት።

5. ሰዓቱን ከመስኮታችሁ ጋር ምረጡ

ለአዲስ አበባ ቤት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለውን የሚያህል የለም። ብርሃኑ በቂ ነው፣ የሌሊቱ ብርድ ለቋል፣ ልጁም ከማታው ይልቅ በጠዋት ይረጋጋል። ከሰዓት በኋላ እየመሸ ሲሄድ መነጫነጩ ይጨምራል፣ አንሺውም ይደክማል።

የውጭ መመሪያዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ» ይላሉ፣ ቀጥታ ፀሐይ ስለማይገባበት። ለነሱ አገር ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በነዚያ ወራት ቀጥታ ፀሐይ የማይገባው በደቡብ መስኮት ነው፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በሰሜኑ። ግራ ከገባችሁ ከወሊዱ በፊት አንድ ጠዋት በ4 ሰዓት ክፍሎቹን ዙሩና አልጋው ላይ ፀሐይ የማያርፍበትን፣ ግን ብሩህ የሆነውን ምረጡ። ሌላ ምርጫ ከሌለ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም ነጠላ መስኮቱ ላይ መስቀል ይበቃል።

ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ይጨልማል። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ግን ያንሳል። ያኔ ወደ 5 ሰዓት ተጠግታችሁ ጀምሩ፣ ልጁንም ወደ መስኮቱ አቅርቡት። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ለምትኖሩ በታኅሣሥ ብርሃን የምታገኙት እኩለ ቀን አካባቢ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ብርሃን አይቸግራችሁም፣ የእናንተ ጠላት ኤሲው ነው፤ የልጁን ልብስ ከማውለቃችሁ ከግማሽ ሰዓት በፊት አጥፉት።

6. የዕለቱ ውሎ

ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍሉን አሙቁ። ልጁ ልብሱን አውልቆ የሚነሳ ከሆነ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል። ቴርሞሜትር ከሌለ በስስ ሸሚዝ ሆናችሁ ትንሽ የሚወብቃችሁ ከሆነ ልክ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከልጁ ከአንድ ሜትር በላይ ይራቅ። የከሰል ማንደጃ ግን ወደዚያ ክፍል በፍጹም አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም የሚያወጣው ጋዝ ትልቅ ሰው ይገድላል፣ እንኳን የሳምንት ልጅ። መብራት ከጠፋ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ልጁ የሚተኛበትን ያሙቅ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ወጥቶ ቦታው በእጅ ተፈትሾ ልጁ ይተኛ። የካሜራውም የስልኩም ባትሪ ማታውኑ ሞልቶ ይደር።

2፡30 ላይ ልጁን ቀስቅሱት። በለብ ያለ ውኃ ጥረጉት፣ ዳይፐር ቀይሩ፣ ዳይፐሩን ላላ አድርጉ፣ ካልሲውን አውልቁ። የላስቲክ ምልክት ከቆዳው እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ከፊት የሚከፈት ልብስ አልብሱት፣ ምክንያቱም በጭንቅላት የሚወጣ ልብስ ስታወልቁ የለፋችሁበት እንቅልፍ ብን ይላል። ኩል አትቀቡት፤ ኩል እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ለሕፃን መርዝ ነው። ለፎቶ ሲባል ቅንድብ መሳልም ይቅር።

ወደ 3፡15 ገደማ በደንብ ይጥባ፣ ሁለቱንም ጡት። ቸኮል አትበሉ፣ የዕለቱ ፎቶ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አስገሱት፣ አቅፋችሁ እሹሩሩ በሉት፣ ዓይኑ ከተከደነም በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። እንቅልፉ መጽናቱን የምታውቁት እጁን ቀስ ብላችሁ አንስታችሁ ስትለቁት ምንም ሳይታገል ዝልፍልፍ ብሎ ሲወድቅ ነው። እስከዚያ ቦታውን አትቀይሩት።

ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ መጀመሪያ እነሱ ይነሱ፣ ልጁ እንደተጠቀለለ። ከዚያ አባት ወይም አክስት ይዘዋቸው ይውጡ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ቁጭ አይልም። ቀጥሎ እናትና አባት ከልጁ ጋር። ከዚያ ልጁ ብቻውን ተጠቅልሎ። ክፍሉ በደንብ ከሞቀና እንቅልፉ ከጸና በኋላ ነው ጥቅልሉ የሚፈታው። ጣቶቹ፣ ጆሮው፣ ተረከዙ መጨረሻ ላይ ይሁኑ፣ ቢነቃም እንኳ እነሱን ማንሳት ይቻላልና።

እንደገና ከራበው ሥራው ይቁም። አራስ ልጅ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ይጠባል፣ በዚህ ቀን ደግሞ ከዚያም ቶሎ ይፈልግ ይሆናል። ጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል፣ ከዚያ ውስጥ ካሜራው የሚሠራው ትንሹን ክፍል ነው። ቀሪው ማጥባት፣ ማስተኛትና መጠበቅ ነው። «በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ» የሚል ፎቶ አንሺ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ቡናው ከፎቶው በኋላ፣ በሌላ ክፍል። ዕጣኑም እንደዚያው፣ የጨቅላ ሳንባ ጭስ አይችልም። ልጁን የሚነካ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ፎቶ አንሺውም ቢሆን፣ ይቅር።

አገጩን በሁለት እጁ ደግፎ የተቀመጠ የሚመስል ጨቅላ አይታችሁ ይሆናል። ያ ፎቶ አንድ ሆኖ አልተነሳም። ሰው የልጁን ጭንቅላትና እጅ እየያዘ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምስል ይነሳና በኮምፒውተር ይገጣጠማል። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ልጁን ከፍ ካለ ነገር ላይ ካስተኛችሁ አንድ ሰው እጁን ከልጁ ሳያርቅ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ያ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠው።

7. መቼ ነው መተው ያለባችሁ

እጅና እግሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ወዲያው ከነበረበት አውጡት፣ አሙቁት። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከሆነ ግን ቀጥታ ሐኪም ጋ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰም በዚህ ዕድሜው የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ምንም ሕመም ሳይኖርም ልጁ ሁለቴ ጠብቶ፣ ታቅፎ፣ አሁንም እንቅልፍ እምቢ ካለ ዓይኑ እንደተከፈተ በእናቱ እቅፍ ጥቂት አንሱና ለሌላ ቀን ተቀጣጠሩ።

8. ቀኑ ካለፈስ?

የሦስት ሳምንት ልጅን በግድ እንደ አምስት ቀን ልጅ አታጠፉት፤ ይታገላል፣ በፎቶውም ላይ መታገሉ ይታያል። በዚያ ዕድሜ ተጠቅልሎ ወይም ታቅፎ ቢነሳ ያምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥሩ ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ነው፤ ልጁ ሰው አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል፣ ስለዚህ ጠግቦ በነቃበት ሰዓት አንሱት። በዚሁ ሰሞን ግን ሰው የ45 ቀን ክትባት የሚለው አለ። በክትባቱ ቀንና በማግስቱ ቀጠሮ አትያዙ፣ ትኩሳትና መነጫነጭ ሊኖር ይችላል።

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፣ እሱ ራሱ ሁለተኛ ዕድል ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለማንሳት ካህኑን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ሥርዓቱ የሚካሄድበትንም ቦታ አትዝጉ። በዚያ ጠዋት ግን የተረጋጋ ልጅ አትጠብቁ። በንጋት ተነስቷል፣ ውኃ ውስጥ ገብቷል፣ አልቅሷል፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ ድግሱ ይጠብቀዋል፣ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ይውላል። በዕለቱ ሥርዓቱንና ሰዉን አንሱ። ልጁን ለብቻው ማንሳቱን በማግስቱ አድርጉት፤ የክርስትና ልብሱን መልሳችሁ አልብሱት፣ ማተቡ እንዲታይ አንገቱን ለቀቅ አድርጉ፣ 3 ሰዓት ላይ ጠግቦ መስኮቱ ጋ ይሁን።